«ገበያው ነው የወሰነው» የምትሉ፣ ገበያውን ማን ዘጋው?

የመም ዳር (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም የዚህ መድረክ ሰዎች። ስለ ሴት ስፖርተኞች ክፍያ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ የተለመደ መልስ አለ። «ገበያው ነው የወሰነው፤ ተመልካች ያለው ይከፈለዋል» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። እኔ ዛሬ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሲወራ ለሚሰማ ሰው፣ ሜዳው ለሁሉም እኩል ተከፍቶ ሕዝቡ የሴቶቹን አይቶ «አልጣመኝም» ብሎ የሄደ ይመስላል። የሆነው ግን እንዲያ አይደለም። ሕዝቡ መጥቶ ነበር፤ በሩን የዘጉት ማኅበራቱ ናቸው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እንግሊዝ አገር፣ 1920፣ የገና ማግስት። ዲክ ኬር ሌዲስ የሚባል የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በጉዲሰን ፓርክ ከሴንት ሄለንስ ጋር ይጫወታል። ተጫዋቾቹ በጦርነቱ ጊዜ ጥይት ያመርት ከነበረ የፕሬስተን ፋብሪካ የወጡ ሴቶች ናቸው። ስታዲየም የገባው ሰው 53,000 ነው፤ ቦታ አጥቶ ውጭ የቀረው በሺዎች ይቆጠራል። የመግቢያው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር «ጨዋታው ለሴት አይስማማም» ብሎ አባል ክለቦቹ ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ አዘዘ። ከገቢው ለበጎ አድራጎት የደረሰው አንሷል የሚል ክስም ደረበበት። ይህ እገዳ እስከ 1970ዎቹ መግቢያ ቆየ። ምዕራብ ጀርመን ከ1955 እስከ 1970 ከለከለች፤ ብራዚል ደግሞ ከ1941 እስከ 1979 በሕግ ጭምር።

ሃምሳ ዓመት ያለ ሜዳ፣ ያለ አሰልጣኝ፣ ያለ ታዳጊ ቡድን። ከዚያ ክልከላው ተነሳና ወዲያው «በሉ ተመልካቻችሁን አሳዩን» ተባለ። እስቲ የወንዶቹን ሊግ ሃምሳ ዓመት ዘግታችሁ ክፈቱትና ስንት ትኬት እንደሚሸጥ እንይ።

ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ። ስድብ ላለበት አልመልስም፣ ቀድሜ ልናገር።

—

ቁጥር አይዋሽም

እህቴ፣ ታሪኩ ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን 1921 እኮ መቶ ዓመት አለፈው። ዛሬ የከለከለ የለም። ለ2022ቱ የወንዶች ዓለም ዋንጫ የተከፋፈለው ሽልማት 440 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ለ2023ቱ የሴቶቹ 110 ሚሊዮን። አራት እጥፍ ነው። የገቢያቸው ልዩነት ግን ከአራት እጥፍ በብዙ ይበልጣል። በገቢ ካሰላነው ሴቶቹ እንዲያውም ከድርሻቸው በላይ ነው ያገኙት። ስሜት ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ።

—

የመም ዳር

ሒሳቡን አልሸሽም። የዚያ ገቢ ትልቁ ክፍል የቴሌቪዥን መብት ነው አይደል? ፊፋ የሴቶቹን ዓለም ዋንጫ መብት ለብቻው አውጥቶ የሸጠው ለ2023ቱ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በፊት የወንዶቹን ለገዛ ጣቢያ ምርቃት ሆኖ ነበር የሚሰጠው። ምርቃት ስንት ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ ገዢ አይተህ ታውቃለህ? ለብቻው ሲቀርብ የአውሮፓ ጣቢያዎች የሰጡት ዋጋ ከማነሱ የተነሳ የፊፋው ፕሬዚዳንት ኢንፋንቲኖ ራሱ ተቆጥቶ «አናስተላልፍላችሁም» እስከማለት ደረሰ። ውድድሩ ሲጀመር ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስታዲየም ገባ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ኤፕሪል 22 ቀን 2022 ካምፕ ኑ ላይ የባርሴሎና ሴቶች ከቮልፍስቡርግ ሴቶች ሲጫወቱ 91,648 ተመልካች ነበር። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት ከሰማይ አልወረደም።

—

የድሮ ጋዜጣ

ልጆቼ፣ ኳሱን ለእናንተ ልተውና እኔ ስለ ሩጫ ላውራ። ዕድሜዬ ያለቀው እዚያ ነው።

አምስተርዳም 1928፣ ሴቶች በኦሊምፒክ አትሌቲክስ የተወዳደሩበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ፈቃዱ በልመና የመጣ እንዳይመስላችሁ። አሊስ ሚሊያ የምትባል ፈረንሳዊት፣ ኦሊምፒክ ኮሚቴውም የአትሌቲክሱ ማኅበርም እምቢ ሲሏት በ1921 የሴቶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቋመች። በ1922 ደግሞ ፓሪስ ላይ «የሴቶች ኦሊምፒክ» ብላ የራሷን ውድድር አዘጋጀች። ሰዎቹ የደነገጡት ያኔ ነው፤ «ኦሊምፒክ የሚለውን ስም ተዪልንና ጥቂት ውድድር እንስጥሽ» ብለው ተደራደሯት። የሰጧት አምስት ነው፤ 100 ሜትር፣ 800 ሜትር፣ 4 በ100 ዱላ ቅብብል፣ ከፍታ ዝላይና ዲስከስ። እንግሊዛውያቱ «አምስት ብቻ ከሆነ አንመጣም» ብለው ቀሩ።

አሁን ወደ 800ው ፍጻሜ። ዘጠኝ ሴቶች ቆሙ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2:16.8 የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች፣ ጃፓናዊቷ ኪኑዬ ሂቶሚ ሁለተኛ ወጣች። ሂቶሚ በ100 ሜትር ስላልቀናት ነው ወደዚህ የገባችው። ሩጫው ሲያልቅ ትንፋሽ አጥሯቸው ሣሩ ላይ የተዘረጉ ነበሩ። 800 የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ መጨረሻው 100 ላይ እግር የራስ አይደለም። ጋዜጠኞቹ ግን እልቂት የደረሰ አስመስለው ጻፉ። አንዱማ 11 ምስኪን ሴቶች ሮጠው 5ቱ አቋረጡ፣ 5ቱ መስመሩን አልፈው ወደቁ አለ። የሮጡት 9 ናቸው፣ ያቋረጠች አንዲትም የለችም! ርቀቱ ግን ተሰረዘ። ተመልሶ የመጣው በ1960 ሮም ላይ ነው፣ ከ32 ዓመት በኋላ።

አሁን ደግሞ ለንደን 1908ን አስቡ። ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒዬትሪ ማራቶኑን ሊጨርስ ስታዲየም ሲገባ አእምሮውን ስቶ በተቃራኒው ዞረ፤ ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ዳኞቹ ደግፈው መስመሩን አሳለፉት። ተደግፎ ስለጨረሰ ውጤቱ ተሰረዘ፤ ንግሥት አሌክሳንድራ ግን አዝናለት ዋንጫ ሸለመችው። የወንዶች ማራቶን ይቅር ያለ ሰው አልነበረም።

—

ዝምተኛው አንባቢ

ሃሃሃ ሁለቱን ተጨማሪ ሴቶች ሰውዬው ከየት አመጣቸው

—

አሯሯጭ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ ቀሪውን ልጨምር። ለሴቶች 1500 ሜትር ኦሊምፒክ የገባው በ1972 ነው። 3000 ሜትርና ማራቶን በ1984፣ 10,000 በ1988፣ 5000 በ1996፣ 3000 ሜትር መሰናክል ደግሞ በ2008። ወንዶቹ ማራቶን የሮጡት ከመጀመሪያው ከ1896 ጀምሮ ነው። በዋና ይብሳል፤ የወንዶች 1500 ሜትር ከ1908 ጀምሮ አለ፣ ሴቶቹ ኦሊምፒክ ላይ የዋኙት በ2021 ቶኪዮ ላይ ነው፤ አሜሪካዊቷ ኬቲ ሌዴኪ የወሰደችው ማለት ነው።

ይህን ዝርዝር ስታዩ አንድ ነገር ይገባችኋል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ ርቀቱ ለሴቶች ከተፈቀደ ገና ሁለተኛው ኦሊምፒክ ነበር። ናዋል ኤል ሙታዋኬል በ1984 ለሞሮኮ 400 ሜትር መሰናክል ስትወስድ ደግሞ ያ ውድድር ለሴቶች የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ፋጡማ ሮባ በ1996 የማራቶን ወርቅ ስታጠልቅ ገና አራተኛው የሴቶች ማራቶን ነው። እና «ለምን ከዚያ በፊት ጀግና ሴት ሯጭ አልነበረም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እበሽቃለሁ። በምን ርቀት ትሩጥ?

የ1984ቱን ማራቶን ካነሳን ጋብሪዬላ አንደርሰን ሺስን ታስታውሳላችሁ? በሙቀት ተጎድታ ሎስ አንጀለስ ስታዲየም ስትገባ አንድ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። የመጨረሻዋን ዙር ለመጨረስ ወደ 6 ደቂቃ ገደማ ፈጀባት። ሐኪሞቹ ጠጋ ብለው ላብ እያላባት መሆኑን አይተው (ላብ ካለ ሰውነቷ ገና ራሱን እያቀዘቀዘ ነው ማለት ነው)፣ ከነኳት ውጤቷ እንደሚሰረዝ ስለሚያውቁ ተዉአት። 37ኛ ሆና ጨረሰች። 1928 ቢሆን ኖሮ ማራቶኑ በማግስቱ ይሰረዝ ነበር። በ1988 ግን ቀጠለ፣ ማንም አልነካውም።

—

ኢላማ

ስለ ተኩስ የሚያወራ የለም መቼም፣ እኔ ልናገር። በ1992 ባርሴሎና ስኪት የሚባለው የበራሪ ኢላማ ውድድር ወንድና ሴት ተቀላቅለው የሚተኩሱበት ነበር። ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን በማጣሪያው ከ200 ኢላማ 200ውን መታች፣ ፍጻሜውንም ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ወርቁን ወሰደች። በ1996 አትላንታ ስኪት የወንዶች ብቻ ሆነ። የሴቶችም አልተዘጋጀም፤ ስለዚህ ሻምፒዮኗ ክብሯን የምትከላከልበት ውድድር አልነበራትም። የሴቶች ስኪት የመጣው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው።

ተፈጥሮ ነው፣ ጡንቻ ነው ለምትሉ ይህችን አስረዱኝ።

—

ቁጥር አይዋሽም

የኢላማውን አላውቀውም ነበር፣ አስገራሚ ነው። ግን እሱ ለየት ያለ ነገር ነው። በአብዛኛው ስፖርት ወንዶቹ ፈጣን ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው። ሰው ደግሞ ምርጡን ማየት ይፈልጋል። ይህን መካድ አይቻልም። ቴኒስንም ተመልከቱ፤ በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሴቶቹ እስከ ሦስት ዙር (በእንግሊዝኛ «set» የሚባለው)፣ ወንዶቹ እስከ አምስት ተጫውተው ክፍያው እኩል ነው።

—

አሯሯጭ

ወንድሜ፣ ሰው የሚያየው ምርጡን ብቻ ከሆነ ቦክስ ከባድ ሚዛን ብቻ በሆነ ነበር። በ2015 ሜይዌዘርና ፓኪያዎ የተጋጠሙት በዌልተር ሚዛን ነው፤ ሁለቱም ከባድ ሚዛን ቡጢኛ ፊት አንድ ዙር አይቆሙም። ያ ግጥሚያ ግን እስከዚያ ቀን በቦክስ ታሪክ ከፍተኛውን ገንዘብ ያስገባ ነው። ሰው የሚያየው ፉክክር ነው።

ፉክክሩን ማየት ከቻለ ማለቴ ነው። እኔ አሯሯጭ ሆኜ ድብልቅ ማራቶኖች ላይ ሠርቻለሁ። ካሜራው ያለው የወንዶቹ መሪ ጋ ነው። የሴቶቹን ግንባር ቀደም የምታየው በመሃል በመሃል፣ እሱም በአሯሯጭና በመንገድ ዳር ወንድ ሯጮች ተከብባ። ማን ማንን እያሳደደ እንደሆነ እኔ ከጎኗ እየሮጥኩ እንኳን አንዳንዴ ይጠፋኛል፣ ቤቱ የተቀመጠው ምን ይታየው። ለንደንና ኒው ዮርክ ታዋቂ ሴቶቹን ቀድመው ለብቻቸው ማስጀመራቸው ለዚህ ነው። ሩጫው ያኔ መልክ ይይዛል፤ ማን ሰነጠቀ፣ ማን ቀረ፣ ይታያል።

ፓሪስ 2024ን ያየ ያውቃል። የመዝጊያው ቀን ማራቶን በልማድ የወንዶች ነበር፣ ያን ጊዜ ለሴቶቹ ተሰጠ። ሲፋን ሐሰንና ትዕግሥት አሰፋ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ክርን ለክርን ተጋፍተው ሲፋን በ2:22:55 ቀደመች፣ ትዕግሥት በ3 ሰከንድ ተከተለች። 42 ኪሎ ሜትር ሮጠው 3 ሰከንድ! ክስ ቀረበ፣ ውድቅ ሆነ። ከዚያ ቀን የበለጠ አጨራረስ የወንዶቹ ላይ አሳየኝ።

—

ሁለተኛ ሰርቪስ

የቴኒሱን ለእኔ ተዉልኝ።

በ1968 ዊምብልደን ሮድ ሌቨር ሲያሸንፍ 2000 ፓውንድ፣ ቢሊ ጂን ኪንግ ስታሸንፍ 750 ፓውንድ ተከፈላቸው። በ1970 ሎስ አንጀለስ ላይ የነበረ አንድ ውድድር ለወንዶቹ አሸናፊ 12,500 ዶላር፣ ለሴቶቹ 1500 ዶላር አቀረበ። ኪንግን ጨምሮ ዘጠኝ ሴቶች ያን ጥለው በአንድ አንድ ዶላር ውል ፈርመው የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። ማኅበሩ ሊቀጣቸው እንደሚችል እያወቁ ነው። በ1973 ዩኤስ ኦፕን እኩል ከፈለ። ዊምብልደን እኩል ለመክፈል እስከ 2007 ቆየ፤ ቬነስ ዊልያምስ ሽንጧን ገትራ ተከራክራ ነው።

አሁን አምስት ዙር ወዳልከው። የሴቶቹ የዓመቱ መዝጊያ ሻምፒዮና ፍጻሜ ከ1984 እስከ 1998 እስከ አምስት ዙር ይጫወት እንደነበር ታውቃለህ? ተጫውተዋል፣ ችለዋል፣ ያስቀሩት አዘጋጆቹ ናቸው። ደግሞ ቴኒስ በሰዓት የሚከፈል ሥራ ሆኖ አያውቅም። በሦስት ዙር በ90 ደቂቃ ያሸነፈ ወንድ አምስት ሰዓት ከተጫወተው አይቀነስበትም።

—

አራስ ሯጭ

ሁላችሁም ስለ ሽልማት ነው የምታወሩት። ሽልማት በአትሌቲክስ ከተስተካከለ ቆየ እኮ። በፓሪስ 2024 የዓለም አትሌቲክስ ለወርቅ የሰጠው 50,000 ዶላር ለወንድም ለሴትም ያው ነው። የሚያስለቅሰው ውሉ ነው።

የጎዳና ሯጭ ነኝ፣ ትልቅ ስም የለኝም። የጫማ ውሌ ላይ በዓመት ይህን ያህል ውድድር ካልሮጥሽ ክፍያው ይቀነሳል የሚል አንቀጽ ነበር። ለጉዳት ነው ብዬ ፈረምኩ። ሳረግዝ ያንን አንቀጽ አወጡብኝ። «እርግዝና ጉዳት አይደለም» አሉኝ፣ እሱ እውነት ነው፤ ቅነሳው ላይ ሲሆን ግን ከጉዳት እኩል ቆጠሩት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሆዴ ገፍቶ በሌሊት የምሮጠው ማንም እንዳያየኝ ነበር። ከወለድኩ በኋላ ደግሞ ጡት እያጠባሁ ለሰዓት ስሮጥ ነበር።

ያኔ ያጽናናችኝ አሜሪካዊቷ የአጭር ርቀት ሯጭ አሊሰን ፌሊክስ ናት። በ2019 ናይኪ ከበፊቱ 70 በመቶ የቀነሰ ውል እንዳቀረበላትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ውጤቷ ቢቀንስ እንዳትቀጣ ዋስትና እንዳልሰጣት በአደባባይ ጻፈች። ከወራት በኋላ ድርጅቱ ደንቡን ቀየረ፤ ለነፍሰ ጡር አትሌት የ18 ወር ጥበቃ ተጻፈ። እሷ ግን አልተመለሰችም፤ ቶኪዮ ላይ የሮጠችው ራሷ ባቋቋመችው ድርጅት ጫማ ነው፣ ሁለት ሜዳሊያም ይዛ ወጣች።

እሷ በዚያ ስሟ እንዲህ ከሆነች እኔና መሰሎቼን አስቡ።

—

ፊሽካ

አይዞሽ እህቴ። በኳሱም ያው ነው። የፊፋ የወሊድ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ2021 ነው፤ ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛ ጋር። አይስላንዳዊቷ ሳራ ቢዮርክ ጉናርስዶቲር በእርግዝናዋ ጊዜ ያልተከፈላትን ከሊዮን ክለብ በዚያ ደንብ ተከራክራ ከ82,000 ዩሮ በላይ አስፈረደች። ቅጂውን አስቀምጪው፤ የአንቺ ዳኝነት ባይሆንም ጠበቃሽ ይጠቀምበታል።

እኔ ዳኛ ነኝ፣ ስለ ዳኞች አንድ ነገር ብቻ ልበል። ስቴፋኒ ፍራፓር በ2022 ጀርመንና ኮስታ ሪካን ስታጫውት በወንዶች ዓለም ዋንጫ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳኛ ሆነች። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ሳሊማ ሙካንሳንጋ በወንዶች የአፍሪካ ዋንጫ ላይ አንድ ጨዋታ አጫወተች። ሁለቱም የወንዶቹን የአካል ብቃት ፈተና በወንዶቹ ሰዓት አልፈው ነው። እኛ በታችኛው ደረጃ ስንሆን ግን የመልበሻ ክፍል የለንም፤ ተጫዋቾቹ ለብሰው እስኪወጡ ማልያችንን ይዘን ኮሪደር ላይ እንቆማለን። አሰልጣኝነቱ ጭራሽ አይነሳ፤ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ከነበሩት አሰልጣኞች ሴቶቹ 13 በመቶ ናቸው።

—

ዝምተኛው አንባቢ

ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትቆጡ። የጾታ ምርመራው ነገርስ? እኩልነት ማለት ሴቶቹን መጠበቅም አይደለም?

—

አወያይ

ጥያቄው ይፈቀዳል። በስም የተጠቀሰ አትሌት ላይ የሚሳደብ ግን ወዲያው ይታገዳል።

—

የድሮ ጋዜጣ

ታሪኩን ብቻ ልንገራችሁ፣ ፍርዱን እናንተ ስጡ። በ1966 ቡዳፔስት የአውሮፓ ሻምፒዮና ላይ ሴቶች ራቁታቸውን ሐኪሞች ፊት እንዲያልፉ ተደረገ። ያ ሲያሳፍር በክሮሞዞም ምርመራ ተተካ። ስፔናዊቷ መሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ በ1985 ኮቤ ላይ ተመርምራ «ሴት አይደለሽም» ተባለች፤ ሰውነቷ የወንድ ሆርሞን የማይቀበል ሆኖ ሳለ። የተጎዳሽ አስመስለሽ ውጪ ተባለች። በኋላ ነገሩ ሲወጣ ውጤቷ ተሰረዘ፣ ከብሔራዊ ቡድን ተባረረች። ተከራክራ በ1988 ተመለሰች፤ ምርጥ ዓመታቷ ግን አለፉ። ኦሊምፒክ ኮሚቴው ለሁሉም ሴት የሚደረገውን ምርመራ በ1999 ተወ። ከዚያ ደቡብ አፍሪካዊቷ የ800 ሜትር ሯጭ ካስተር ሴሜንያ መጣች፣ በ2009። የወንድ ሆርሞኗን ካልቀነሰች እንዳትሮጥ በሚከለክለው ደንብ ላይ ያነሳችው ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በ2025 የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በስዊዘርላንድ ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኘችም አለ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ደግሞ የዓለም አትሌቲክስ በሴቶች ምድብ ለሚወዳደር ሁሉ የዘረ መል (ጂን) የጾታ ምርመራ ግዴታ አደረገ።

—

አራስ ሯጭ

እኔ ምርመራውን እደግፋለሁ፣ ደፍሬ ልናገር። አንድ ጊዜ በምራቅ ወይም በጉንጭ ናሙና የሚያልቅ ነገር ነው። የሴቶች ምድብ የተለየው ለምክንያት ነው፤ ምድቡ ትርጉም ካጣ የተጋደልንበት ሁሉ ከንቱ ነው።

—

ፊሽካ

አልስማማም፣ በፍቅር። አንቺ ውጤቱን አስቀድመሽ ስለምታውቂ ቀላል መስሎሻል። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ስለ ሰውነቷ የማታውቀውን ነገር በውድድር ዋዜማ ከፌዴሬሽን ባለሥልጣን አፍ ስትሰማ አስቢ። ምስጢሩስ የት ይቀመጣል? የፓቲኞ የወጣው በማን ነው? ደንቡ ይኑር ከተባለ እንኳን ልጅቷን ማን ይይዛታል የሚለው መጀመሪያ ይመለስ።

—

አራስ ሯጭ

ምስጢሩ ላይ ልክ ነሽ። እዚያ ላይ እኔም አላምናቸውም።

—

የመም ዳር

ይህ ለብቻው ክር ይፈልጋል፣ ብትከፍቱት እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሴቶችን «ለመጠበቅ» ተብሎ የወጣ ደንብ ሁሉ ሴቶች ተጠይቀው የወጣ አይደለም። 800ውም የተሰረዘው ለጤናቸው ተብሎ ነበር። በ2005 የዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የበረዶ ዝላይ ከሕክምና አንጻር ለሴቶች አይመከርም ብሎ ነበር፤ በ2014 ሶቺ ላይ ዘለሉ፣ ማንም አልሞተም። ዝላይንና አገር አቋራጭ ሸርተቴን ያጣመረው ውድድር ግን በ2026 ሚላን ኮርቲናም የወንዶች ብቻ ነበር። ፓሪስ ላይ የተሳታፊ ኮታ እኩል በእኩል ተደረገ ተብሎ ተጨበጨበ፣ ጥሩ ነው፤ ኪርስቲ ኮቨንትሪም በ2025 ኦሊምፒክ ኮሚቴውን ለመምራት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ ያም ጥሩ ነው። ይህን የበረዶ ነገር እሷ ምን እንደምታደርገው እያየሁ ነው።

—

ቁጥር አይዋሽም

እሺ፣ ስሜን አክብሬ ሌላ ቁጥር ፈልጌ መጣሁ። ስለ ብስክሌት። የቱር ደ ፍራንስ ሴቶች ውድድር በ2022 ሲመለስ 8 ቀን ነው፣ ለአሸናፊዋ 50,000 ዩሮ። የወንዶቹ 21 ቀን፣ ለአሸናፊው 500,000። ቀኑ ከሲሶ በላይ ሆኖ ሽልማቱ አንድ አሥረኛ ነው። ይህን በየትኛውም ስሌት ባዞረው አልመጣልኝም። ግን አሁንም እላለሁ፤ ሴቶቹም 21 ቀን ይጋልቡና ከዚያ እኩል ይጠይቁ።

—

አሯሯጭ

ወንድሜ፣ ይጋልቡ ብትል ማን ይፈቅድላቸዋል? የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ደንብ ራሱ በሴቶች ከፍተኛ ውድድር የአንድን ቀን ርቀት በ160 ኪሎ ሜትር ይገድባል። ፓሪስ 2024 ጎዳና ላይ ወንዶቹ ከ270 በላይ ሲጋልቡ ሴቶቹ 158 ገደማ ነው የተሰጣቸው።

—

ቁጥር አይዋሽም

160? በደንብ ተጽፎ? አንቀጹን ያገኘ ይለጥፍልኝ፣ እኔም እፈልጋለሁ።

—

የመም ዳር

ነገ እለጥፍልሃለሁ።